የማይሞተው የዶሮ ልብ እና የእኔ ቀይ እስክሪብቶ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የደረሰላችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሳምንት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ያስተማርኩት ልጅ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እናቴ ስልኳ ላይ ‹ያረጁ ሴሎችን ጠራርጎ የሚያወጣ፣ ካንሰርን የሚከላከል› የሚል የክኒን ማስታወቂያ አይታ ካልገዛህልኝ እያለችኝ ነው። ባዮሎጂ ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና እስቲ ይንገሩኝ፤ እውነት ሴል ያረጃል እንዴ?»

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩና አቃተኝ። «ሴል ያረጃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስንት የተማረ ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሳሳተበት ጥያቄ ነው። ታሪኩን ለማስታወስ ስቀመጥ ደግሞ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሸሸው የኖርኩት አንድ የራሴ ጉዳይ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሁለቱንም አንድ ላይ ልንገራችሁ።

ከዶሮው እንጀምር።

አሌክሲስ ካሬል የሚባል ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። የተቆረጠን የደም ሥር በመርፌና በክር እንዴት መልሶ መግጠም እንደሚቻል ለዓለም ያሳየ፣ እጀ ወርቅ የሚባል ዓይነት ሰው። ለዚህ ሥራው በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ወር ላይ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ኢንስቲትዩት፣ ከዶሮ ፅንስ ልብ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጠ። በየጊዜው እያጠበ፣ ምግብ እየሰጠ፣ ሲበዛ እየቀነሰ ያኖረው ጀመር።

ቁራጩ አልሞተም። ዓመት አለፈው፣ አምስት ዓመት አለፈው፣ አሥር ዓመት አለፈው። የኒውዮርክ ጋዜጦች «የማይሞተው የዶሮ ልብ» እያሉ በየዓመቱ ልደቱን ያስታውሱለት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚመታ ልብ አልነበረም፤ ከልብ ላይ የተወሰዱ፣ ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዙ ተራ ሴሎች ናቸው። የካሬል ረዳቶች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ካባ ለብሰው ነበር የሚሠሩት። እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለማንም አይቀልም። ብልቃጡ ባለቤቱን ቀድሞ አልተደፋም፤ ካሬል በ1944 ሲሞት ሴሎቹ ገና ነበሩ። የተጣሉት በ1946 ነው፣ ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ግልጽ ነበር። ሴል በባሕርዩ አይሞትም። በሚገባ ከተመገበና ከተጠበቀ ለዘላለም ይከፋፈላል። ታዲያ እኛ ለምን እናረጃለን? መልሱ «ከሴሉ ውጭ ባለ ነገር ነው» ሆነ። ሴሉ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የሰውነት ነው፣ ተባለ።

ከዚያ በፊት፣ በ1881፣ አውግስት ቫይስማን የሚባል ጀርመናዊ የሰውነት ሴሎች የመከፋፈል አቅም ገደብ ሊኖረው ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር። ማን ይስማው? የእሱ ግምት ነው፤ የካሬል ግን በዓይን የሚታይ ብልቃጥ ነው።

አሁን ልብ በሉ። በእነዚያ ዓመታት በየአገሩ ያሉ ላብራቶሪዎች የእንስሳም የሰውም ሴል ለማሳደግ ይሞክሩ ነበር። ሴሎቻቸው ለጥቂት ወራት ይከፋፈሉና ቀስ ብለው ያቆማሉ። ሁሉም ያየው ይሄንኑ ነው። ግን ማንም «ካሬል ተሳስቷል» አላለም። ያሉት «እኛ አልቻልንበትም» ነው። ምግቡ አልተስማማውም፣ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም፣ እጃችን አልሰላም፣ እያሉ ራሳቸውን ወቀሱ። በእኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የለ? ሳይንስም ንጉሥ ነበረው።

በመሃሉ፣ በ1951፣ ሄንሪየታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት እናት የማኅፀን በር ካንሰር ላይ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሴል ተወሰደ። ማንም ፈቃዷን አልጠየቀም። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች፤ ሴሎቿ ግን በቀን አንዴ ያህል እጥፍ እየሆኑ ቀጠሉ፣ እስከ ዛሬም አሉ። ብዙዎች «ይኸው፣ ካሬል ልክ ነው፣ የሰው ሴልም አይሞትም» አሉ። ያልተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይሄ ጤነኛ ሴል ነው ወይስ የካንሰር?

ጥያቄውን ያነሳው ሊዮናርድ ሄይፍሊክ የሚባል የፊላደልፊያ ልጅ ነው። በ1928 ተወልዶ ባደገባት ከተማ፣ ዊስታር ኢንስቲትዩት ውስጥ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ሥራው ከእርጅና ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ካንሰር በቫይረስ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ጤነኛ የሰው ሴል ስለፈለገ ከፅንስ የተወሰዱ ሴሎችን እያሳደገ ነበር። ሴሎቹ በደንብ ይከፋፈላሉ፤ ከዚያ ወደ ሃምሳ ጊዜ ገደማ እጥፍ ከሆኑ በኋላ ይቆማሉ። አይሞቱም፣ ይቆማሉ። እዚያው ብልቃጡ ውስጥ እየተመገቡ፣ ሰፋ ብለው ተንጋለው ይኖራሉ፤ መከፋፈል ግን በቃ።

እሱም እንደ ሌሎቹ መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አሰበ። ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ ከአንድ ጠርሙስ ምግብ ከሚሰጣቸው ብልቃጦች ውስጥ የሚቆሙት አሮጌዎቹ ብቻ ናቸው። ወጣቶቹ ይቀጥላሉ። ምግቡ መርዝ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ባቆመ ነበር።

ከባልደረባው ከፖል ሙርሄድ ጋር ሆኖ ያደረገው ፈተና በክፍል ውስጥ ስነግራችሁ ደስ የሚለኝ ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ሴሎችንና ገና ጥቂት ጊዜ የተከፋፈሉ የሴት ሴሎችን አንድ ብልቃጥ ውስጥ ቀላቀሉ። የወንድና የሴት ሴል በክሮሞሶሙ ይለያልና ማን እንዳለ ማን እንደሌለ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለብቻቸው የተቀመጡት የወንድ ሴሎች ጊዜያቸው ደርሶ ሲቆሙ፣ የተቀላቀለው ብልቃጥ ቢታይ የቀሩት የሴቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ምግብ፣ አንድ አየር። ቆጣሪው ያለው ሴሉ ውስጥ ነው እንጂ ውጭ አይደለም።

ሌላም አደረጉ፤ ሴሎቹን መሃል ላይ አቀዘቀዟቸው። ከርመው ሲቀልጡ፣ ካቆሙበት ቆጥረው የቀረቻቸውን ያህል ብቻ ተከፋፍለው ቆሙ። ሴል በበረዶ ውስጥ ተኝቶም ዕድሜውን አይረሳም!

ሄይፍሊክ ይህን ጽፎ ለአንድ ትልቅ መጽሔት ላከ። ጽሑፉ ተመለሰለት። የአዘጋጁ ደብዳቤ ይዘት ባጭሩ «በትክክል የተያዘ ሴል ለዘላለም እንደሚከፋፈል የታወቀ ነው» የሚል ነበር። ሰውየው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» መባሉ ነው በሌላ ቋንቋ። ጽሑፉ በ1961 በሌላ መጽሔት ወጣ።

ደብዳቤውን የጻፈው ማን እንደሆነ ስታውቁ ግን ትገረማላችሁ። ፔይተን ራውስ ነው። ራውስ በ1911 የዶሮ ካንሰር በቫይረስ ከዶሮ ወደ ዶሮ እንደሚተላለፍ ያሳየ፣ ለብዙ ዓመታት ከቁም ነገር ያልተቆጠረ፣ ሽልማቱ ከ55 ዓመት በኋላ በ1966 የደረሰው ሳይንቲስት። በወንበር ላይ ሲቀመጥ እሱም በተራው የሰው ወረቀት መለሰ። ክፉ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። ከመጽሐፉ ጋር የማይገጥም ነገር ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት ቀላል ስለሆነ ነው።

እኔም የማውቀው ነገር ነው።

የማስተምረው አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ድንች በእኩል ቆርጠን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ከተን ርዝመቱን በማስመሪያ መለካት። መጽሐፉ ያጥራል ይላል፤ ውሃው ከድንቹ ወጥቶ ወደ ጨዉ ይሄዳልና። አርባ ምናምን ተማሪ «አጠረ» ብሎ ጻፈ። አንዲት ልጅ ብቻ «ረዘመ» ብላ ጻፈች፣ ቁጥሩን ከነነጥቡ። ጠርቼ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ እኔ የለካሁት ይሄንን ነው» አለች። «መጽሐፉ ነው የሚዋሸው?» አልኳት፣ ክፍሉ ሳቀ። ከአሥር ሁለት ሰጠኋት።

በሳምንቱ የላብራቶሪውን ቁም ሳጥን ሳስተካክል፣ በጥብጬዋለሁ ያልኩት የጨው እሽግ ሳይከፈት ተቀምጦ አገኘሁት። ቸኩዬ ቀድሞ ከተከፈተው ቅሪት ላይ ትንሽ ብትን አድርጌ ኖሯል። ውሃው ከድንቹ ይልቅ ቀጭን ነበር። እንዲህ ከሆነ ድንቹ ውሃ ይጠጣል፣ ይረዝማል። የለካችው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ የለኩት መጽሐፉን ነው።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ምንም። ማርኩ ገብቷል፣ ተርሙ አልቋል፣ አስተማሪ ተሳሳትኩ ካለ ክፍል አይገዛም፣ እያልኩ ዝም አልኩ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ሄይፍሊክ ልክ ከሆነ የካሬል ብልቃጥ 34 ዓመት እንዴት ኖረ? ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይሄ ነው፤ ለሴሎቹ ምግብ የሚሆነው ከዶሮ ፅንስ የተጨመቀ ፈሳሽ ነበር፤ ፈሳሹ በደንብ ካልተጣራ ደግሞ ውስጡ ሕያው ሴሎች ይቀራሉ። ሰርግ ቤት ከጋኑ ጠላ ስንቀዳ ውለን አላለቀም ብለን ስንደነቅ፣ ለካ ባለቤቲቱ በጓዳ በኩል አዲስ እየጨመሩበት ኖሯል እንደማለት ነው። ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት፣ ዛሬ የሚመሰክር የለም። ሌላ ሰው ግን ያንን ብልቃጥ ሊደግመው አልቻለም።

የቆጣሪው ምንነት የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። አሌክሲ ኦሎቭኒኮቭ የሚባል የሞስኮ ሳይንቲስት በ1966 ስለ ሄይፍሊክ ሥራ ንግግር ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ምድር ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሳለ ሐሳቡ መጣለት። ባቡሩ የቆመበትን ሐዲድ ባቡሩ ራሱ ሊነካው አይችልም። እኔ ግን ለእናንተ በበሬ ብነግራችሁ ይሻላል። ገበሬ ሲያርስ ጥማዱ የሚዞርበት የማሳው ጫፍ ሳይታረስ ይቀራል፤ በሬዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ያስፈልጋቸዋልና። ዲኤንኤን የሚገለብጠው መሣሪያም እንደዚሁ የክሮሞሶሙን ጫፍ እስከ መጨረሻው መገልበጥ አይችልም። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ጫፉ ትንሽ ትንሽ ያጥራል። ኦሎቭኒኮቭ ይህን በ1971 በሩሲያኛ አሳተመ፤ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው።

ያ ጫፍ ቴሎሜር ይባላል። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬደርና ጃክ ሾስታክ ጫፉ ከምን እንደተሠራና ቴሎሜሬዝ የሚባል መልሶ የሚያረዝመው ኢንዛይም እንዳለ አሳይተው በ2009 ኖቤል ተሸለሙ። ግሬደር ኢንዛይሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ገና የምርምር ተማሪ ሳለች፣ በ1984 የፈረንጆች ገና ቀን ላብራቶሪ ገብታ ነው። ተማሪዎቼ፣ ይቺን ያዙልኝ።

ካንሰር እዚህ ላይ ይገባል። በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ቴሎሜሬዝ ሥራ አቁሟል፤ ስለዚህ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ሴሉም ይቆማል። በ1994 ተመራማሪዎች 101 የካንሰር ዕጢዎችን መርምረው በ90ዎቹ ውስጥ ኢንዛይሙ ሲሠራ አገኙት። ካንሰር ቆጣሪውን የሚያጠፋበት ዘዴ አግኝቷል ማለት ነው። ሄንሪየታ ላክስ አርፋ ሴሎቿ ያላረፉት ለዚህ ነው። የማይሞት ሴል ተገኘ ሲባል ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ለካ የማይሞተው በሽታው ኖሯል።

ስለዚህ የሴል እርጅና ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ፍሬን ነው። ፍሬኑም ቆጣሪው እስኪሞላ አይጠብቅም። በ1997 ተመራማሪዎች ጤነኛ ሴል ውስጥ ካንሰር የሚቀሰቅስ ዘረመል ሲያስገቡ፣ ሴሉ እንደ መጋለብ ጭራሽ ቀጥ ብሎ ቆመ። አደጋ አሽትቶ ማለት ነው። በ2005 ደግሞ ይሄው ነገር በሰው ገላ ላይ ታየ። የት መሰላችሁ? እኛ «ማርያም የሳመችው» የምንለው፣ ቆዳ ላይ የምትወጣ ጥቁር ነጥብ ላይ። በብዙዎቹ ነጥቦች ውስጥ ያሉት ሴሎች ካንሰር የሚቀሰቅስ ለውጥ ይዘዋል። ትንሽ ተባዝተው ሲያበቁ ፍሬኑ ይዟቸው እዚያው ለአሥርት ዓመታት ቁጭ ይላሉ። እኔ ጉንጬ ላይ ያለችውን ስላጭ በጥንቃቄ የማልፋት ለመልክ ብዬ ነበር፤ አሁን በአክብሮት ነው። (ነጥባችሁ መጠኑ፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ግን ውላችሁ ሳታድሩ ሐኪም አሳዩ። ፍሬንም ይበጠሳል።)

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

ጁዲት ካምፒሲ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ በ2024 ያረፈች፣ የቆሙት ሴሎች ቆመው ዝም እንደማይሉ አሳየች። ጡረታ ወጥቶ በሩን አልለቅም ያለ ዘበኛ አስቡ። ሥራ የለውም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ፊሽካ ይነፋል። የቆመ ሴል ዙሪያውን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል። ፊሽካው መጀመሪያ ለደግ ነው፤ የሰውነት መከላከያ መጥቶ እንዲያነሳው ይጣራል፤ ቁስል ሲድንም ይረዳል። ወጣት ሳለን ተጠሪው ይመጣል፣ ያነሳዋል። ዕድሜ ሲገፋ የቆሙት ይበዛሉ፣ የሚያነሳቸው ይደክማል። ፊሽካው ሰፈሩን ሁሉ ያውካል። በ2001 የካምፒሲ ቡድን ወደ ካንሰር ያዘነበሉ ሴሎችን ከቆሙ ሴሎች ጋር አይጥ ውስጥ ሲያስገባ ዕጢ በቀለ፤ ከወጣት ሴሎች ጋር ሲሆን ግን አልበቀለም። ከካንሰር የሚጠብቀን ነገር በስተርጅና ካንሰርን ይጠራል። ሰውነት በወጣትነታችን የተበደረልንን ስናረጅ ከነወለዱ ይከፍላል።

አሁን ወደ ልጁ እናት ክኒን። ማስታወቂያው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2011ና በ2016 የቆሙ ሴሎችን ከአይጦች አስወግደው ጤናቸው ተሻሻለ፣ የኋለኞቹም ዕድሜያቸው ረዘመ። በ2015 ሁለት ነገሮች አብረው የቆሙ ሴሎችን እንደሚገድሉ ታየ። አንዱ ዳሳቲኒብ የሚባል ከባድ የደም ካንሰር መድኃኒት ነው፤ ሌላው ቀይ ሽንኩርት ውስጥም የሚገኘው ኬርሴቲን። ሰው ላይ ግን ነገሩ ገና ሙከራ ነው። በ2020 በጉልበት ሕመምተኞች ላይ የተሞከረ ሌላ መድኃኒት ከውሸት መርፌ አልተሻለም። ለእርጅና ተብሎ በይፋ የተፈቀደ የዚህ ዓይነት መድኃኒት የለም። በዚያ ላይ የቆመ ሴል ቁስልም ያድናል ብያችኋለሁ፤ ሁሉንም ጠራርጎ ማውጣት ጥሩ መሆኑን ማንም አላረጋገጠም።

ስለዚህ ልጄ፣ እናትህን በእኔ ስም እንዲህ በልልኝ። «እማዬ፣ ሳይንሱ እውነት ነው፣ ክኒኑ ግን ገና አልደረሰም። ገንዘቡን የማኅፀን በርና የጡት ምርመራ እናድርግበት።» ሄንሪየታ ላክስን የገደለው የማኅፀን በር ካንሰር ዛሬ ቀድሞ ከተያዘ የሚድን ነው።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው።

ያቺን ልጅ ስሟን አልጽፍም። አሁን ትልቅ ሰው ናት፣ ምናልባት ልጆቿ እሷ በዚያን ጊዜ የነበረችበት ክፍል ደርሰው ይሆናል። ይህን ገጽ ታንብብ አታንብብ አላውቅም፤ ግን የዚያ ክፍል ልጆች እዚህ አላችሁ፣ የሳቃችሁትም አላችሁ። ካሬልን ሳነብ ስቄበታለሁ፣ ራውስን ሳነብ ተናድጃለሁ። ኋላ ሳስበው እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ሆኜ ተገኝቻለሁ። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ፣ ያየችውን የጻፈችውን የሰረዝኩት እኔ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሰጠኋት ሁለት ማርክ አይደለም። በቀጣዩ የላብራቶሪ ሥራ ላይ መልሷ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ሆኖ መጣ። አሥር ሰጥቻት «ጎበዝ» አልኳት። ያን ቀን ለክታ ይሁን ገልብጣ፣ አልጠየቅኳትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ ግን አንዳንዴ ሃምሳ ዓመት ይፈጃል፤ የሚፈጀው ደግሞ እንደ እኔ ያለው ሰው ቁም ሳጥኑን ዘግቶ ስለሚሄድ ነው።

ልጄ፣ ድንቹ ረዝሞ ነበር። ከአሥር አሥር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አስተማሪ የሆናችሁ፣ ከመጽሐፉ የማይገጥም ወረቀት ሲመጣላችሁ እስክሪብቶውን ከማንሳታችሁ በፊት አንዴ ጨዉን እዩልኝ። እናንተስ፣ ልክ ሆናችሁ የተሰረዘባችሁ፣ ወይም ልክ የሆነውን የሰረዛችሁ ነገር አለ? ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።

ሰላም እደሩ።